በምሳሌ ቤት አይለቀቅም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ካባ አለበሱኝ። ካባው ጥሩ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። ያናደደኝ ንግግሩ ነው። አለቃዬ ወረቀት ይዞ ተነሣና «በጸሐፊነት፣ በአስተርጓሚነት፣ በእንግሊዝኛ መምህርነት፣ ወዘተ. ለረጅም ዘመን ያገለገሉት አቶ ቢያድግልኝ» ብሎ አነበበ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ከተቀመጥኩበት ሆኜ «ወዘተው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ቆርጦ የተወውን ቃል ስፈታ ኖሬ፣ የራሴ ሥራ በመጨረሻ ተቆርጦ ሲነበብ ዝም ማለት አልሆነልኝም። በእኔ ወዘተ ውስጥ የቀረው የጠላት ዘመን ነው፣ አቶ ይርዳው ናቸው፣ ከአምበር ወዲህ ከመንገዱ በታች ያለች ወንቃ የምትባል መንደር ናት። ደመወዙንና የዕድገት ወረቀቱን ለመዝገብ ቤት ትቼ እነዚህን እጽፋለሁ። የሚያነበው ቢገኝ ደግ፤ ባይገኝም እጽፋለሁ።

ጽሕፈት የተማርኩት ዲማ ገዳም ነው። የኔታ መጀመሪያ ያስተማሩን ፊደል መጣል ሳይሆን መቃ መቅረጽ ነበር። የብዕሩ አፍ ከሰፋ ቀለም ይተፋል፤ ከደነዘ ፊደሉ ያብጣል። ቀለሙን ከጥላሸትና ከተቆላ እህል እንበጠብጠው ነበር፤ ሲሰነብት ይሸታል፣ ግን አይለቅም። ከጎናችን ዜማ የሚቀጽሉት የድጓ ተማሪዎች ከመስመሩ በላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ፊደላት ይከተሉ ነበር። እነዚያ ፊደላት የተቆረጡ ቃላት ናቸው፤ ተማሪው አንዷን ሲያይ የቀረውን ከነዜማው ከልቡ ይሞላዋል። ስለዚህ የተቆረጠ ቃል ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ቆርጦ መጻፍ አንባቢን ማመን ነው ብለን አድገናል።

ጠላት ሲገባ ጉባኤው ተበተነ። የአባቴ ርስት አምበር አጠገብ ስለነበር ወደዚያ ተመለስኩ፤ ብዙም ሳልቆይ በአካባቢው ለሸፈቱት ለፊታውራሪ ዳምጤ ጸሐፊ ሆንኩ። ፊታውራሪ ጀግና ናቸው እንጂ ፊደል አልቆጠሩም። ደብዳቤ የሚያስጽፉት በበቅሎ ላይ ሆነው ነው፤ እኔ ከጎናቸው እየሮጥኩ እይዛለሁ። አንብቤ ስጨርስ ምንጊዜም «ነገሩ የኔ ነው፤ እንዲህ ግን አላልኩም» ይሉኛል። ከዚያ ያትሙታል።

በጠላት ዘመን መጨረሻ ገደማ አንድ የእንግሊዝ መኰንን ከአርበኞች ጋር ሊሠራ መጥቶ ከእኛ ጋር ሰፈረ። አስተርጓሚው አቶ ይርዳው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የመነጽራቸውን እጀታ በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ በአንድ የውጭ አገር ነጋዴ ዘንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረዋል። እንግሊዙ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ አቶ ይርዳው ወደ አማርኛ ይመልሳሉ፣ እኔ በቁም ጽሕፈት እገለብጣለሁ፣ ፊታውራሪ ያትማሉ፣ መልእክተኛ ይዞ ይሄዳል። ሥራችን ይኸው ነበር።

እንግሊዙ ሲጽፍ ቃል ይቆርጣል። ያን ጊዜ ነው የተቆረጡት ቃላት ምንድን ናቸው ብዬ አቶ ይርዳውን የጠየቅኋቸው።

«ቢያድግልኝ፣ ገበያ ላይ ግዕዝ የሚናገር ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«እንግዲያ ሞቷል?»

«ኧረ ምን ሲባል! ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ወረቀት ላይ አለ።»

«በል፣ ላቲን ለእነሱ እንደዚያ ነው። እንግሊዙ ወተት ሲገዛ ላቲን አይናገርም። ብዕር ሲያነሣ ግን ከላቲን ቆርጦ ይሸጉጥብናል።»

ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል ጻፉልኝ። «ይህች ኢ.ጂ. ናት፤ ለምሳሌ ማለት ናት። ይህች አይ.ኢ. ናት፤ ማለትም ማለት ናት። የመጀመሪያዋ በር ትከፍታለች፤ ከጠራሁት ሌላ ብዙ አለ ትላለች። ሁለተኛዋ በር ትዘጋለች፤ ያልኩት ይኸው ነው፣ ሌላ የለም ትላለች። የሚያምታታቸው ሰው ‹የጭነት ከብት አምጣ፣ ለምሳሌ በቅሎ› ሲሉት አህያውን ሁሉ ቤቱ ትቶ ይመጣል።» ቀጠሉና «ኤት ሴትራ ደግሞ የኛ ወዘተ ናት። ከፊቷ ‹እና› አትጨምር፤ ‹ኤት› ራሷ ‹እና› ናት፣ የኛም ‹ወ› እንዲሁ። ‹እና ወዘተ› የሚል ሰው ባርኔጣ ላይ ባርኔጣ የደፋ ነው። ለምሳሌ ብለህ ከጀመርክም በወዘተ አትዝጋ፤ ምሳሌ ማለት ሌላም አለ ማለት ከሆነ ሁለተኛ መናገሩ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

ከሁሉም ያልረሳሁት የመጨረሻውን ነው። «ኤት ሴትራ ለዕቃ ናት። ለሰው ሌላ አሏቸው፤ ኤት አል ትባላለች፣ ሌሎቹም ሰዎች ማለት ናት። እኛ ግን ለሰውም ለቁና ገብስም ወዘተ እንላለን። አንተ እንዳትል!»

አቶ ይርዳው ከመጻፋቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ውሃ ከሌለ በአፈር ያሻሉ። ደብዳቤው ተጽፎ ሲያልቅ ደግሞ ራሳቸው አያነቡትም። እኔ ሳነብ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና «እሺ፣ ተቀባዩ እኔ ነኝ። አሁን ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ሳላመነታ ከመለስኩ ደብዳቤው ይሄዳል። ከተደናቀፍኩ ይቀደዳል፣ እንደገና ይጻፋል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ እየቀደዱ። የተቆረጠ ቃል ካዩም ወረቀቱን ይዘው ወደ መኰንኑ ድንኳን ነው። አንድ ቀን እንግሊዙ ተቆጣ፤ ምን ማለቴ እንደ ሆነ አንተ ታውቀዋለህ አላቸው። «እኔስ አውቃለሁ፤ የሚቀበለው ነው የማያውቅ» ብለው ብዕሩን እጁ ላይ አኖሩለት። እየሳቀ ሞላላቸው።

እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ነበር አጠገቤ። ነገሩ የመጣው ግን እሳቸው አጠገቤ እያሉ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

የጥልያን ጦር በአምበር መንገድ ሊያልፍ መሆኑ ተሰማና ፊታውራሪና እንግሊዙ መንገዱን ሊመቱት ተስማሙ። ጥልያን በተመታበት መንገድ አጠገብ ያለውን መንደር በአውሮፕላን እንደሚደበድብ፣ ከዚያም ወርዶ እንደሚያቃጥል ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ እንግሊዙ ትእዛዝ ጻፈ። አቶ ይርዳው እንዲህ ብለው መለሱት፦ «ከመንገዱ በታች ያላችሁ መንደሮች፣ ለምሳሌ ሾላ ሜዳና ቀጨሞ፣ ሰውና ከብታችሁን ይዛችሁ ወደ ደጋው ውጡ።»

«ለምሳሌ» ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ድንኳኑ ሄዱ፤ እንግሊዙ መንገዱን ሊያይ ወጥቶ ነበር። ተመልሰው «ግድ የለም፣ በሩ ክፍት ነው፤ ሌሎቹም ይገባሉ» አሉ። አነበብኩላቸው። ጨፍነው አዳመጡና «ምን ላድርግ?» አሉኝ። «ሰውና ከብት ይዘው ወደ ደጋው ይውጡ» አልኩ፣ ሳልደናቀፍ። ታተመ፤ ተላከ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነበበ።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዉ ዳገቱን ሲወጣ እኔና አቶ ይርዳው አፋፉ ላይ ቆመን እናይ ነበር። ከብቱ ይጮሃል፣ ልጆች ይለቃቀሳሉ። አንዲት ሴት ዶሮዎቿን በቅርጫት ተሸክማ ስትደርስ ከየት እንደ ሆነች ጠየቅኋት፤ የቀጨሞ ናት። ቁልቁል ሳይ ከወንቃ ቤቶች የምድጃ ጢስ ይወጣል።

«ወንቃዎችስ?» አልኳት።

«ወንቃዎችማ መች ተጠሩ?»

«አዋጁን አልሰሙም?»

«ሰምተዋል እንጂ! አብረውን ቆመው ነው የሰሙት። ስማቸው አልተጠራም ነው የምልህ።»

አቶ ይርዳው መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና «ና!» አሉኝ። ቁልቁለቱን ተያያዝነው። እግራቸው ከተማ የለመደ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወደቁ፣ ሁለቴም ሳላነሣቸው ተነሡ።

የወንቃ አለቃ፣ ጭቃ ሹሙ፣ አያ አድማሱ ናቸው። ከሽማግሌዎች ጋር ወይራ ሥር ተቀምጠው ሳሉ ደረስንባቸው። ሚስታቸው እመት የሻረግ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ወዲያ ዘወር ብለው ቆመዋል። አያ አድማሱ ነገራችንን አዳምጠው ሲጨርሱ «ወረቀቱ አለ?» አሉ። ግልባጩ ኪሴ ነበር። አነበብኩት።

«ወንቃ የሚል አለበት?»

«ለምሳሌ ይላል» አሉ አቶ ይርዳው። «ሌሎቹም መንደሮች ማለት ነው፤ ሁላችሁም አላችሁበት።»

«እንዴታ! ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ፤ እሱንስ እናውቃለን» አሉ አያ አድማሱ። «ቤት ግን በምሳሌ አይለቀቅም፣ ልጄ። አምና ኸማዶ ያሉት የግራር መንደር ሰዎች ሳይጠሩ ቢወጡ ምን ተባሉ? ለጥልያን ሊያድሩ ሄዱ ተባሉ። ከብታቸውን የራሳችን ሰዎች ነዱት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ፊታውራሪ ወንቃ ይውጣ ካሉ ወንቃ ይወጣል።»

«ፊታውራሪ መንገድ ላይ ናቸው፣ አንቱ! እስከሚመለሱ አውሮፕላኑ ይደርሳል!» አልኩ።

«እንግዲያ ምን ይደረግ?»

አቶ ይርዳው ግልባጩን ተቀብለውኝ አዩት። ስሙን ለመጨመር ብዕር መች አጣን? ግን ፊታውራሪ ያላሉትን ቃል ከሽማግሌዎቹ ዓይን ፊት ጨምረን ማንን እናታልላለን? «እኔ ዋስ እሆናለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሳይጠሩ ወጡ ብሎ የሚከሳችሁ ቢመጣ እኔ እቆማለሁ።»

አያ አድማሱ በደግ ዓይን አዩዋቸው። «አንቱ ጨዋ ሰው ነዎት። በጐጃም ግን ርስት የለዎት። ዋስ የሚቆመው በምኑ ላይ ነው?»

ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የአባቴን ርስት ሁሉም ያውቀዋል፤ ከወንቃ መሬት ጋር ይዋሰናል። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ያ መሬት ከእኔ በቀር ወራሽ የለውም፣ እኔም ከእሱ በቀር የለኝም። ግን ፍርሃቴ ከንዴቴ አነሰ። ቃሉ ልክ ሆኖ፣ ጽሕፈቱ ልክ ሆኖ፣ ሰው በዚህ ይለቅ? «የአባቴን ርስት አስይዤ ለወንቃ ዋስ ነኝ» አልኩ። «በደንቡ ይሁን፤ በስም ልጥራችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የቤተ ክርስቲያኑ ካብ ላይ ወጣሁ። አያ አድማሱ የእያንዳንዱን አባወራ ስም ከታች ይነግሩኛል፣ እኔ እጮሃለሁ፤ «አቤት!» ይላል፣ ከብቱን ፈትቶ ይወጣል። አንድም ቤት አልተዘለለም፤ እስከ ባልቴቶቹ፣ እስከ ሸክላ ሠሪዎቹ ድረስ ጠራሁ። ድምፄ ሲሰነጠቅ አቶ ይርዳው ተቀበሉኝ፤ የመንደሩን ሰው ስም በአዲስ አበባ አነጋገር ሲጠሩት የሚሥቅም ነበር።

መጨረሻ ላይ «የአያ አድማሱ ቤት!» አልኩ።

«የኔን ተወው» አሉ። «ሕዝቡ በዋስ ይወጣል። ጭቃ ሹም ግን ዋስ የለው፤ ለፊታውራሪ በቃሌ የቆምኩ ነኝ። እሳቸው ኸዚህ ጠብቅ ብለውኛል፤ ካልጠሩኝ አልነቃነቅም።»

«አድማሱ!» አሉ እመት የሻረግ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

«ልጁን ይዘሽ ውጭ። እደርስብሻለሁ።»

ለመንን። አቶ ይርዳው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አያ አድማሱ ክንዳቸውን ይዘው አነሡዋቸው። ሁለት የታመሙ ሽማግሌዎችም አብረዋቸው ቀሩ። እኛ የመጨረሻዎቹን አስከትለን አፋፉ ላይ ስንደርስ የመንገዱ ተኩስ ተጀመረ። አውሮፕላኖቹ ከቀትር በኋላ መጡ፤ ወታደሮቹም ተከተሉ። ወንቃ ስትቃጠል ከላይ ሆነን አየን። ወታደሮቹ ሲሄዱ ወርደን አያ አድማሱንና ሁለቱን ሽማግሌዎች ደጃፋቸው ላይ ሞተው አገኘናቸው።

ከቀብሩ ስንመለስ አቶ ይርዳው «ቃሉ ልክ ነበር» አሉኝ።

«አዎ፣ ልክ ነበር!» አልኩ በንዴት።

«ሳዳምጥህ ሾላ ሜዳ ሆኜ አዳመጥኩ። ወንቃ ሆኜ አላዳመጥኩም።»

ፊታውራሪ ከመንገዱ ሲመለሱ «ወንቃን ማን ጠራ?» ብለው ጠየቁ። ዋስ ነኝና ቀረብኩ። ርስቴ ሊሄድ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። መሬት መሬት አዩ። «አድማሱ ደግ አደረገ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ሳልጠራው የሚወጣ ሰው አልነበረም። ያልጠራሁት እኔ ነኝ። መሬትህን ይዘህ ተቀመጥ።» እንግሊዙም ነገሩን ከአቶ ይርዳው ሲሰማ ቀላ፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠና ከመንገዱ በታች ያለውን መንደር ሁሉ በስሙ እየጠየቀ ጻፈ። ከዚያን ቀን ወዲያ ከሰፈራችን የወጣ ትእዛዝ ምሳሌም ወዘተም አልነበረበትም። ወረቀት አለቀብን፤ በካርቶን ላይ ጻፍን። አቶ ይርዳውም በእያንዳንዱ መንደር ስም ዓይናቸውን እየጨፈኑ «አሁን ቀጨሞ ነኝ፤ ምን ላድርግ?» ይሉኝ ነበር።

ከነጻነት በኋላ አቶ ይርዳው አዲስ አበባ ገቡ። እኔ ደብረ ማርቆስ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። አንዱ አለቃዬ ትእዛዙን ሁሉ በወዘተ የሚቋጭ ሰው ነበር፤ በኋላ ጥፋት ሲገኝ «ወዘተ ውስጥ አለ፤ ለምን አልሠራችሁም?» ይላል። ወዘተውን በጽሑፍ እንዲዘረዝርልኝ ብጠይቀው ወደ ይጁቤ ከተማ አዛወረኝ። ይጁቤ ተስማማኝ፤ ገበያዋም ሰውዋም ደግ ነው። እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመርኩትም እዚያ ነው። ተማሪዎቼ ድርሰት ሲያጥርባቸው ኤት ሴትራን ሦስት ጊዜ ይደረድሯት ነበር። ጨፍኜ አዳምጥና «ምን ላድርግ?» እላቸዋለሁ። ከኋላዬ «ምን ላድርግ» ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ዛሬም ኢ.ጂ.ን ከአይ.ኢ. የሚያምታታ ወረቀት ካየሁ ለባለቤቱ ሳልመልስ አላድርም።

ወደ ወንቃ ልመለስ፤ የሥራ ዘመኔን ትልቁን ሥራ ገና አልተናገርኩም።

ጥልያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲሄድ ሾላ ሜዳዎችና ቀጨሞዎች ወዲያው ወደ ቤታቸው ወረዱ። ወንቃዎች ግን ደጋው ላይ ዳስ ጥለው ተቀመጡ። ክረምቱ እየቀረበ ነው፣ መሬቱ ይጠብቃል፤ አይወርዱም። «በስም ተጠርተን ወጣን፤ በስም ተጠርተን እንወርዳለን። አሁንስ በዋስ አይደለም፤ ፊታውራሪ ይጥሩን» አሉ።

ፊታውራሪ «ጻፍ» አሉኝ። በጥሩ ብራና ላይ ቤት በቤት ጻፍኩ። ሳነብ አቶ ይርዳው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ አዲስ አበባ ሊሄዱ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። በመጀመሪያው ስም ላይ ፊታውራሪ አስቆሙኝ።

«ሟች ይጠራል እንዴ?»

«ጌታዬ፣ አሁን ወንቃ ሆኜ እየሰማሁ ነው» አሉ አቶ ይርዳው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «በሌላ ስም ከጀመራችሁ እኔ አልወርድም።»

ፊታውራሪ ማኅተሙን ራሳቸው አነሡና አተሙ።

እኔ ራሴ ይዤው ወጣሁ። ሰዉ ሸክሙን አሥሮ፣ ከብቱን አሰልፎ ሜዳው ላይ ቆሟል። ብራናውን ዘርግቼ «ከፊታውራሪ ዳምጤ የተላከ! የወንቃ ጭቃ ሹም የአያ አድማሱ ቤት!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለተኛ ልጥራ ወይስ ልለፍ ብዬ ግራ ገባኝ። ከዚያ እመት የሻረግ ከል እንደ ለበሱ፣ ልጁን እንዳዘሉ ከሰዉ መካከል ወጡ።

«አቤት!» አሉ። ድምፃቸው ካፋፍ እስካፋፍ ተሰማ።

እንስራቸውን አንሥተው ቁልቁለቱን ያዙ። የቀሩትን ስሞች መጥራት ስጀምር ሰዉ ተከትሏቸው መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ማንም ቆሞ አልጠበቀኝም። እኔ ግን አላቋረጥኩም። የመጨረሻው ቤት ስም እስኪያልቅ ድረስ፣ ባዶው ሜዳ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ሳልቀንስ አነበብኩ።